ነጩን ንጣፍ መብሳት፦ በመርሐቤቴ ቆላ የፍራፍሬ ጉድጓድ ሥራ ማስታወሻ

ቦታው ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ከገደሉ ግርጌ ያለ ጠጠራም ማሳ ነው፤ ስፋቱ ከግማሽ ሄክታር ያንሳል። እስካሁን ማሽላና ማሾ ሲፈራረቁበት ኖሯል። የታሰበው ሎሚ፣ ማንጎ፣ ግሽጣና ሮማን መትከል ነው፤ በድንበሩ ዙሪያ ደግሞ ቁርቁራ። ከዚህ በፊት እዚሁ የተተከለ ማንጎ ሁለት ሦስት ዓመት ካደገ በኋላ ከጫፉ እየደረቀ ቀርቷል። ግንዱ ሲነቀል ዋናው ሥር ጉልበት በማይሞላ ጥልቀት ላይ ታጥፎ፣ የቀረው ሁሉ እንደ ሳህን ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጎን ተዘርግቶ ተገኘ። በሽታ አልነበረውም፤ ከታች በኖራ የተጣበቀ ነጭ ንጣፍ ስላለ የሚወርድበት አጥቶ ነው። የዚህ ማስታወሻ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ከታጠፈ ሥር ነው።

ጥር፦ መሬቱን ማንበብ

ከዓለም ከተማ ቁልቁል ሲወረድ መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት፣ ቀጥሎ አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ማሳው ያረፈው ከኖራ ድንጋዩ ገደል ተንዶ በተከማቸ ጠጠርና ደቃቅ አፈር ላይ ነው። ስለዚህ ኖራው ከላይም ከታችም አለ፤ ጠጠሩ ራሱ ኖራ ነው።

ነጩ ንጣፍ የሚሠራው እንዲህ ነው። የዝናብ ውሃ በአፈሩ ሲያልፍ ሥሮች የሚያስወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ ኖራውን አሟሙቶ ቁልቁል ይወስዳል። ትነቱ ከዝናቡ በሚበልጥበት አገር ግን ውሃው ጥልቅ አይዘልቅም። መንገድ ላይ ሥር ይመጠዋል፣ ፀሐይ ያተነዋል፣ ጋዙም ያመልጣል፤ የሟሟው ካልሲየም ካርቦኔት እዚያው ይረጋል። ይህ ለሺህ ዓመታት ሲደጋገም ጠጠሩን ከጠጠር ያጣብቀዋል። ዋና አገሩ በረሃ ነው፤ በአፋርና በሶማሌ ክልል ሰፊ ቦታ ይዟል። እንዲህ ባለው ሞቃት ሸለቆ ደግሞ በየቁራጩ ያጋጥማል፤ አንዱ እርከን ላይ ኖሮ ከሥሩ ባለው ላይ ሊጠፋ ይችላል።

ደረጃውን ለመለየት የተጠቀምነው ጊል፣ ፒተርሰንና ግሮስማን በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከኒው ሜክሲኮ በረሃ ያወጡትን አከፋፈል ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ነጩ ቅብ በጠጠሩ ሆድ ብቻ ይታያል። በሁለተኛው ጠጠሩን ዙሪያውን ይሸፍነዋል፣ አልፎ አልፎም ከጎረቤቱ ጋር ያያይዘዋል። በሦስተኛው በጠጠሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ሁሉ ይደፈናል። በአራተኛው ከተደፈነው በላይ ስስ፣ ልሙጥ፣ ቅጠል በቅጠል የተነባበረ ነጭ ሽፋን ይተኛል፤ ውሃው ማለፊያ ሲያጣ ላዩ ላይ እየተኛ ስለሚተን ነው። ጠጠራም አፈር ከጅምሩም የሚደፈን ክፍተቱ ጥቂት በመሆኑ ከጠጠር አልባው ቀድሞ እዚህ ይደርሳል።

ዶማ ሳይነሳ መሬቱ ብዙ ይናገራል። ድንጋይ ገልብጦ ሆዱን ማየት ቀላሉ ነው። ነጩ ሆድ ወደ ሰማይ ዞሮ ከተገኘ ማረሻ አገላብጦታል ማለት ነው። የተነባበረ ነጭ ስባሪ ላዩ ላይ ከተበተነ ማረሻው ንጣፉን መንካት ጀምሯል፤ እዚያ አፈሩ ከ20 ሳ.ሜ. አይበልጥም። ረጅም ግራር ወይም የጠና ቁርቁራ ብቻውን የቆመበት ቦታ ደግሞ ንጣፉ የተሰነጠቀበት ነው። ዛፉ ስንጥቁን ያገኘው ከእኛ በፊት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች ከእንዲህ ያለ ዛፍ ብዙ ሳይርቁ ማሰብ ያዋጣል። ዛፉን ግን አለመንካት።

ጥር መጨረሻ፦ በፌሮ መመርመር

መሣሪያው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ነው፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ20፣ ጫፉ በመሳያ ድንጋይ የተሳለ፣ በየ10 ሳ.ሜ. ምልክት የተደረገበት። በማርቴሎ ይመታል። አፈር ውስጥ ሲገባ ድምፁ ድፍን ነው፤ ንጣፉን ሲነካ ይጮኻል፣ እጅንም ይነዝራል። ድንጋይም ይጮኻልና አንድ ጊዜ መምታት አያስተማምንም። 25 ሳ.ሜ. ያህል ፈቀቅ ብሎ እንደገና መምታት ነው፤ በዚያው ጥልቀት ከጮኸ ንጣፍ፣ አልፎ ከገባ ድንጋይ ነበር። በጣም በደረቀ አፈር ፌሮው ስለሚነክስ ቦታውን በዋዜማው በአንድ ጀሪካን ውሃ ማራስ ሥራውን በግማሽ ያቀለዋል።

በየ5 ሜትሩ ተመትቶ ጥልቀቱ በችካል ላይ ተጻፈ፣ ከዚያ በባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ ሰፈረ። ወደ ገደሉ በኩል ንጣፉ ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ. ላይ ይገኛል። ወደ ታች ወደ ወንዙ በኩል ከ45 እስከ 60 ይወርዳል። በመሐል አንድ የተቦረቦረ የሚመስል መስመር አለ፣ ፌሮው እስከ እጀታው የሚገባበት፤ ድሮ ውሃ የሸረሸረው ቦይ በደለል ተሞልቶ ነው። የማሳው ምርጥ አፈር እዚያ ነው፣ ማንጎዎቹም ወደዚያ ተመደቡ። መጀመሪያ የታሰበው ቀጥ ያለ የ5 በ5 ሜትር ረድፍ በዚህ ምክንያት ተሰረዘ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ረድፍ የሚያሰምረው ገመድ ሳይሆን ፌሮው ነው፤ ችግኝ ጣቢያም ሆነ ባለሙያ ቀጥ ያለ መስመር ቢወድም።

የካቲት፦ የሙከራ ጉድጓድ

በመካከለኛው ክፍል አንድ ጉድጓድ እስከ 1 ሜትር ከ10 ተቆፈረ። ግድግዳው ላይ የሚታየው፦

ከ0 እስከ 18 ሳ.ሜ. ቡናማ፣ ጠጠር የበዛበት፣ ሥር የሞላበት አፈር። ከ18 እስከ 40 የገረጣ፣ ጠጠሩ ዙሪያውን ነጭ የለበሰ፣ እጅ ሲነካው የሚፈርስ። 40 ላይ ንጣፉ ይጀምራል፤ የላይኛው 2 ሳ.ሜ. ቅጠል በቅጠል የተነባበረ፣ ዲጂኖ የሚያንሸራትት ልሙጥ። ከዚያ በታች እስከ 68 የተጣበቀ ጠጠር ነው፣ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ግን ይለሰልሳል። ከ68 በታች ነጭ ዱቄት የተቀላቀለበት ልቅ ጠጠር፣ ውሃ በነጻ የሚያልፍበት። ይህ መረጃ ወሳኝ ነው፤ ንጣፉ ከላይ እንጂ ከታች ጠንካራ አይደለም፣ ከሥሩ ደግሞ ባዶ መውጫ አለ። የሥራው ዕቅድ በሙሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

የጠነከረ ነገር ሁሉ በኖራ የተጣበቀ አይደለም። ሁለት ፈተና አለ። ቡጢ የሚያህል ደረቅ ጓል ውሃ ውስጥ ማሳደር፤ ጠዋት ፈራርሶ ከተገኘ የታመቀ አፈር ነው፣ ውሃና ሥር ያላሉታል። እንዳለ ካደረ ተጣብቋል። የተጣበቀውን በምን እንደተጣበቀ ለማወቅ ትንሽ ቁራሽ ኮምጣጤ ውስጥ ማስቀመጥና ኮምጣጤውን በየቀኑ መለወጥ ነው፤ አረፋ እየደፈቀ ከተበተነ ማጣበቂያው ኖራ ነው። ካልተበተነ ሲሊካ አለበት፣ እሱ ከዚህ የባሰ ነው። የእኛው ተበትኗል። ለአፈሩ የኖራ ምርመራ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከተገኘ ጥሩ፤ ከሌለ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ይሠራል፣ ግን ናሙናው ተፍቆ ዱቄት መሆን አለበት፣ ጆሮም ማስጠጋት ያስፈልጋል። የባትሪ አሲድ ለዚህ አይሆንም። አደገኛነቱ ሳይቆጠር፣ ሰልፈሪክ አሲድ ከኖራ ጋር ጂፕሰም ሠርቶ ድንጋዩን ስለሚሸፍነው አረፋው ቶሎ ይቆማል፣ ኖራ የሌለ ያስመስላል።

የጠጠሩን መጠን ያለ ሚዛን ማወቅ ይቻላል። በ10 ሊትር ባልዲ አፈሩን ሳይነፉ መሙላት፣ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ደቃቁን አጥቦ ማስወገድ፣ የቀረውን ጠጠር ውሃው በተለካ ዕቃ ውስጥ ጨምሮ ውሃው ስንት ሊትር ከፍ እንዳለ ማየት። እዚህ ከፍ ያለው 4 ሊትር ከግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ 45 በመቶው ድንጋይ ነው።

ከዚህ የሚወጣው የውሃ ሒሳብ የማሽላውን ጠባይ ያስረዳል። ደቃቁ አፈር ለተክል የሚሆን ውሃ ከመጠኑ 15 በመቶ ቢይዝ፣ 40 ሳ.ሜ. አፈር በ55 በመቶ ሲባዛ 22 ሳ.ሜ. እውነተኛ አፈር ነው፣ የዚያ 15 በመቶ 33 ሚሊ ሜትር ውሃ። በሞቃት ወቅት ተክልና ፀሐይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ከወሰዱ በሳምንት ያልቃል፤ ተክሉ ሳይጨነቅ የሚጠቀመው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ የሚጀምረው በአራተኛው ቀን አካባቢ ነው። ዝናብ ሳይጠፋ ማሽላው የሚጠወልገው ለዚህ ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ፦ ቁፋሮ

ሥራው የሚበላው እዚህ ነው።

የጉድጓዱ አፍ 70 በ70 ሳ.ሜ. ነው፣ ጥልቀቱ እስከ ንጣፉ። የላይኛው ቡናማ አፈር ወደ ላይኛው ተዳፋት ለብቻ ይቆለላል፣ የገረጣው ወደ ጎን። የንጣፉ ስባሪ ወደ ታች ይጣላል፤ ተመልሶ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ይህን ለቆፋሪዎች ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ሰው የቆፈረውን መልሶ መሙላት ልማዱ ነው። የተፈጨ የንጣፍ ዱቄት ከጠጠሩ ኖራ ይልቅ ቶሎ ይሟሟል፣ ከሚሟሟው ኖራ የሚገኘው ባይካርቦኔትም ችግኙን በብረት እጥረት ቢጫ ያደርገዋል። ትላልቆቹ ዝርግ ስባሪዎች ግን በየችግኙ ውሃ ለሚይዘው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን ተስማሚ የካብ ድንጋይ ናቸው፣ ዱቄታቸው ተራግፎ።

ጉድጓዱ ንጣፉ ላይ ሲደርስ መላውን ወለል ለመስበር መታገል ከንቱ ድካም ነው። የሚያስፈልገው በመካከል 30 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ንጣፉን በስቶ ልቁ ጠጠር ላይ የሚደርስ። መጀመሪያ ወለሉን ጠርጎ ስንጥቅ መፈለግ፤ ስንጥቅ ካለ ዲጂኖውን እዚያ አስገብቶ ወደ ላይ መፈልቀቅ እንጂ ከላይ መምታት አይደለም። ልሙጡ ሽፋን ከላይ ሲመታ ዲጂኖውን ያነጥራል፣ ከጎን ሲፈለቀቅ ግን በገበታ ገበታ ይነሳል። ስንጥቅ ከሌለ በማርቴሎና በብረት ሽብልቅ በክብ አራት አምስት ቦታ ተመትቶ መካከሉ ይፈለቀቃል። ልሙጡ ካለፈ በኋላ ያለው በዲጂኖ እየተናደ ይወጣል። የዓይን መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው፤ ስባሪው እንደ ተራ ድንጋይ አይደለም፣ ስስ ስለሆነ ይበራል።

አንዳንድ ሰው ውሃ ከዋለበት ይላላል ይላል። ከላይ ያለው አፈር ይላላል፣ ንጣፉ አይላላም፤ ውሃ ውስጥ ያደረው ጓል ያሳየው ይህንኑ ነው። ሌላው የሚነሳው እንጨት አንድዶ ድንጋዩን አግሎ ውሃ መድፋት ነው። ይሰነጥቃል፣ እውነት ነው። ግን አመዱና በከፊል የተቃጠለው ኖራ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፣ የተቃጠለ ኖራ ደግሞ ውሃ ሲነካው እጅ ያቃጥላል፣ የአፈሩንም ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከነበረበት በላይ ይገፋዋል። እንጨቱም ከየት ይመጣል? ትራክተር የሚደርስበት ሜዳ ቢሆን ንጣፉን በጥልቅ ሰንጣቂ ማረሻ መክፈት ይቻላል፣ በደረቅ ወቅት፣ ጥርሱም ከንጣፉ ግርጌ በታች የሚያልፍ ከሆነ። ላዩን እየቧጨረ የሚሄድ ሰንጣቂ ነጭ ጓል ወደ ላይ ከማውጣት ያለፈ ጥቅም የለውም። ይህ ተዳፋት ለትራክተር አይሆንም።

ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ በውሃ ይፈተናል። ጉድጓዱን ሞልቶ ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ መተው፣ እንደገና መሙላት፣ ከዚያ በእንጨት ምልክት ከፍታውን መለካት። በአሪዞና በረሃ የሚሠራበት ልክ በ4 ሰዓት ቢያንስ 10 ሳ.ሜ. መውረድ ነው፤ እኛም የያዝነው ይህንን ነው። ቀዳዳ ከመበሳቱ በፊት የተሞከሩት ጉድጓዶች ውሃውን አቁረው ያድራሉ። ከተበሱ በኋላ አብዛኞቹ ሁለተኛውን ሙሌት ከሰዓት በፊት ጨርሰዋል። ውሃ ከሩቅ በጀሪካን ለሚያመጣ ሰው ይህ ፈተና ብክነት ይመስላል፣ ግን ያልተፈተነ ጉድጓድ በክረምት ገንዳ ይሆናል፤ የችግኝ ሥር ደግሞ ከጥማት ይልቅ በቆመ ውሃ ፈጥኖ ይሞታል።

ወደ ገደሉ በኩል ያሉ ጥቂት ጉድጓዶች ቀዳዳቸው ቢበሳም ፈተናውን አላለፉም። ፌሮው በቀዳዳው ውስጥ ሲመታ ከታች ሁለተኛ ንጣፍ አለ። እነዚህ ቦታዎች ለዛፍ ተሰርዘዋል። ሕጉ እንዲህ ሆኖ ተያዘ፦ ንጣፉ ከ50 ሳ.ሜ. በላይ ከወፈረ፣ ወይም ሁለተኛ ካለው፣ አይቆፈርም። ወይ በድንጋይ ካብ 50 ሳ.ሜ. ከፍ ያለ መደብ ይሠራበታል፣ ወይ ለማሾ ይተዋል። ማሾ ሥሩ አጭር፣ ዕድሜውም አጭር ስለሆነ እንዲህ ያለውን ቀጭን አፈር ያውቅበታል።

ግንቦት፦ ሙሌት

ቀዳዳውን በጠጠር መሙላት ትክክል የሚመስል ሐሳብ ነው፣ ግን ስህተት ነው። ደቃቅ አፈር በሻካራ ጠጠር ላይ ሲቀመጥ ውሃው ወደ ጠጠሩ የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ሙሉ በሙሉ ከጠገበ በኋላ ነው፤ የደቃቁ አፈር ጠባብ ቀዳዳዎች ውሃውን ይዘው አይለቁም። ስለዚህ ቀዳዳው የሚሞላው ጉድጓዱ በሚሞላበት በዚያው ድብልቅ ነው፣ ሥሩም ተከታትሎ እንዲወርድበት።

ድብልቁ 3 እጅ ቡናማ የላይ አፈር፣ 1 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ከቡጢ የሚበልጥ ድንጋይ ይለቀማል፣ ደቃቁ ጠጠር ይተዋል። በእያንዳንዱ ጉድጓድ 100 ግራም ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) ከታችኛው ግማሽ ጋር በደንብ ይቀላቀላል። ላዩ ላይ የተበተነ ፎስፈረስ በዚህ አፈር ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ሥር ሳይደርስ ይቀራል፤ ሥር በሚያልፍበት ቦታ ካልተቀመጠ የተጣለ ያህል ነው። ዩሪያ በኋላ የሚጨመር ከሆነ ቢያንስ 5 ሳ.ሜ. መቀበር አለበት። ኖራማ አፈር ላይ ተበትኖ ከቀረ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ ሽታውም ይሰማል።

ኮምፖስቱ ከየቤቱ ሲሰበሰብ መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ አመድ ገብቶበታል ወይ? በእኛ አገር የምድጃ አመድ ከፍጉ ጋር ይደፋል። ለደጋው አሲዳማ አፈር በረከት ነው፤ እዚህ ግን ኖራ ላይ ኖራ መጨመር ነው። በደጋው ወረዳ ለአሲዳማ አፈር የሚታደለው ኖራም እንዲሁ፤ ከላይ የሰማ ጎረቤት እዚህ እንዳይሞክረው። ጂፕሰምም አይጠቅምም። እሱ የሚረዳው ሶዲየም የበዛበትን አፈር ነው፤ የዚህ አፈር ፒኤች 8.2 አካባቢ ነው፣ ይህ የኖራ ልክ ነው። ከ8.5 ካለፈ ነበር ሶዲየም የሚጠረጠረው።

ድኝ ጨምሮ አፈሩን አሲዳማ ማድረግስ? ሒሳቡ ራሱ ይመልሳል። 100 ኪሎ ኖራ ለማጥፋት 32 ኪሎ ድኝ ያስፈልጋል። 70 በ70 በ40 የሆነ ጉድጓድ ውስጥ 140 ኪሎ ያህል ደቃቅ አፈር አለ፤ አምስተኛው ኖራ ቢሆን 28 ኪሎ ነው፣ ለእሱ 9 ኪሎ ድኝ። ለአንድ ጉድጓድ! የጠጠሩ ኖራ ገና ሳይቆጠር። አፈሩ አይለወጥም፤ ሊለወጥ የሚችለው የምንተክለው ነው።

ሙሌቱ ከመሬቱ 15 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ተቆልሎ እስከ ክረምት እንዲረጋ ተተወ። ከጎኑ ግማሽ ጨረቃው ተሠራ፦ ራዲየሱ 1.5 ሜትር፣ የእርከኑ ቁመት 30 ሳ.ሜ.፣ በአንድ ጫፉ 10 ሳ.ሜ. ዝቅ ያለ በድንጋይ የተነጠፈ ማፍሰሻ። ችግኙ የሚቆመው ውሃው በሚተኛበት ዝቅታ ላይ ሳይሆን በቁልሉ ላይ ነው። ማፍሰሻ የሌለው ግማሽ ጨረቃ በመጀመሪያው ጎርፍ ይበጠሳል፣ ሲበጠስ ደግሞ ከታቹ ያለውንም ይዞ ይሄዳል።

ሰኔ፦ የችግኝ ምርጫ

ሎሚና ብርቱካን የሚገዛው በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የተዳቀለ ከሆነ ኖራ ይችላል፤ በባለ ሦስት ቅጠሉ ፖንሲረስ ላይ ከሆነ አይችልም፣ ቅጠሉ በዓመቱ ይገረጣል። ኮምጣጣ ብርቱካን በበኩሉ ዛፉን ለሚያደርቀው ለትሪስቴዛ ቫይረስ የተጋለጠ ስለሆነ ችግኙ ከታመነ ጣቢያ መገኘት አለበት። አቮካዶ ቢለመንም አልተካተተም፤ ኖራንም ሆነ የቆመ ውሃን የማይወድ ዛፍ እዚህ መትከል ገንዘብ መቅበር ነው። ግሽጣና ሮማን ቀጭን ኖራማ አፈር ይችላሉ፣ ንጣፉ ከ40 ሳ.ሜ. ባነሰ ጥልቀት ላይ ወደሚገኝባቸው ቦታዎች ተመድበዋል። ቁርቁራ በራሱ ይኖራል።

ፕላስቲኩ ሲቀደድ ሥሩ ከታች ተጠምዝዞ የተገኘ ችግኝ ይመለሳል፣ ካልሆነ ጥምዙ በስለት ይቆረጣል። የተጠመዘዘ ሥር ቀዳዳውን አያገኝም፤ ያ ሁሉ ቁፋሮ ለምን ተቆፈረ?

ሐምሌ፦ ተከላ

ዝናቡ አፈሩን 30 ሳ.ሜ. እስኪያርስ ተጠብቆ ተተከለ። አንገቱ ከሙሌቱ ወለል ጋር እኩል፣ የተዳቀለበት ቦታ ከአፈሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። እያንዳንዱ 20 ሊትር ውሃ ተሰጠው፣ ዝናብ ቢኖርም፤ ዓላማው ማጠጣት ሳይሆን በሥሩ ዙሪያ ያለውን አየር አስወጥቶ አፈሩን ማጣበቅ ነው።

ለመሸፈኛ የማሽላ አገዳ ታስቦ ነበር፣ በቆላ ግን ምስጥ ይጠራል። በምትኩ የተለቀመው ጠጠር ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ተነጠፈ፣ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ። ጠጠር ትነትን ይቀንሳል፣ የዝናቡንም ምት ይሰብራል። ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ የሚያወጣ ሰው እዚህ ያለውን ብቸኛ ነጻ መሸፈኛ እያስወጣ ነው።

ነሐሴ፦ የክረምቱ ፈተና

ከተከታታይ ከባድ ዝናብ በኋላ ጥቂት ጉድጓዶች ላይ ውሃ ቆመ። ቀዳዳው አልተደፈነም፤ ከላይ የመጣ ደቃቅ ደለል ላዩን አሽጎት ነው። ቅርፊቱን በእጅ መፈርፈርና ከላይ አነስተኛ የደለል መያዣ ካብ መሥራት ችግሩን ፈታው።

የቅጠል ቢጫነትም በዚህ ወቅት ይጀምራል፣ መለየት ያስፈልጋል። ውሃ የበዛበት ችግኝ ሁሉ ነገሩ ይገረጣል፣ አሮጌው ቅጠል ጭምር፣ ይንጠለጠላልም። ብረት ያጠረው ግን ከአዲሱ ቅጠል ይጀምራል፤ ሥጋው ቢጫ፣ ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መረብ ይመስላል። ቅጠሉ አንሶና ጠቦ ጫፍ ላይ ከተጨናነቀ ዚንክ ነው። ሁለቱ ቢጫዎች ግን ይገናኛሉ፦ እርጥበት የበዛበት ኖራማ አፈር ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለማይወጣ ባይካርቦኔቱ ይጨምራል፣ ባይካርቦኔት ደግሞ ብረትን ከሥር ይነፍጋል። ስለዚህ ለቢጫ ቅጠል መጀመሪያ የሚደረገው መድኃኒት መርጨት ሳይሆን ፍሳሹን ማየት ነው።

መስከረምና ጥቅምት፦ ብረት

ፍሳሻቸው ደህና ሆኖ ቢጫ የቀሩ ሎሚዎች ተረጩ። ፌረስ ሰልፌት (የብረት ጨው) አፈር ላይ መጨመር ዋጋ የለውም፣ በኖራው ወዲያው ዝገት ይሆናል። በቅጠል ግን ይሠራል፦ በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም፣ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና፣ ማለዳ ፀሐይ ሳትጠነክር፣ በየሁለት ሳምንቱ። የምንጩ ውሃ ኖራማ ስለሆነ ዱቄቱ እዚያው ጀሪካን ውስጥ ቡናማ ይሆንና ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ በሎሚ ጭማቂ ይኮመጥጣል፣ የተበጠበጠውም በዕለቱ ያልቃል። ቀለሙ ፈዛዛ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ወደ ቡናማ ከዞረ ይደፋል። የተረጨው ቅጠል ይለመልማል፣ ከዚያ በኋላ የሚወጣው አዲስ ቅጠል ግን እንደገና ይጠይቃል።

በአፈር የሚሰጥ ብረት ከተፈለገ ቼሌት (ብረቱን አቅፎ የሚጠብቅ ውህድ) ነው፣ ዓይነቱም ኢዲዲኤችኤ መሆን አለበት፤ ቀይ ቡናማ ዱቄት ነው፣ ፒኤች 9 ድረስ ይጸናል። ኢዲቲኤ ርካሽ ነው፣ ከ6.5 በላይ ይፈታል፣ እዚህ ውሃ እንደመድፋት ነው። ሻጩ ሁሉንም ‘የብረት ቼሌት’ ብሎ ስለሚሸጥ እሽጉ ላይ ያለውን ስም ማንበብ ነው። ብርሃን ስለሚያበላሸው ተበጥብጦ ከሥሩ አጠገብ በተቆፈረ ጠባብ ቦይ ይፈስና አፈር ይለብሳል።

የጠብታ መስኖ ሐሳብም በዚሁ ውሃ ምክንያት ለጊዜው ቆሟል። ውሃው ሲፈላ ጀበናውን የሚያነጣው ነገር የጠብታውን ቀዳዳ ይደፍናል። በየጊዜው በኮምጣጤ ማጠብ ይቻላል፣ ግን ሠራተኛው ላይ የሚጨምረው ሥራ ከጀሪካኑ ያነሰ አይደለም። እስከዚያው ለእያንዳንዱ ችግኝ በየ3 እና 4 ቀኑ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይሰጣል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይልቅ ማመላለሱ የመጣው ከየካቲቱ የ33 ሚሊ ሜትር ሒሳብ ነው። በወር አንድ ጊዜ ግን እጥፍ ይሰጣል፣ የተጠራቀመው ጨው በቀዳዳው እንዲወርድ።

ኅዳር፦ ያለበት ሁኔታ

በቦዩ መስመር ያሉት ማንጎዎች ሁለተኛ ቅጠል አውጥተዋል። ከግሽጣዎቹ ጥቂቶቹ ወድቀዋል፤ ሲነቀሉ ሁለቱ ላይ ነጭ ዱቄት ከሙሌቱ ጋር ተቀላቅሎ ተገኝቷል፣ የተቀሩት የደረቁት በውሃ እጥረት ነው። ቦታቸው ተጠርጎ በቡናማ አፈር እንደገና ይሞላል፣ ተከላው ለሚቀጥለው ክረምት።

አንድ ቀዳዳ ለናሙና በጎኑ ተከፍቶ ታይቷል። የሎሚው ሥር ከንጣፉ አናት አልፎ በቀዳዳው ውስጥ 55 ሳ.ሜ. ላይ ደርሷል፣ ውፍረቱ ከእርሳስ ያንሳል። የተሰረዙት የገደል ጥግ ቦታዎች በድንጋይ መደብ ይሠራባቸው ወይስ ለማሾ ይቀሩ የሚለው የሚወሰነው ካብ ድንጋይ ከተቆጠረ በኋላ ነው፤ ለአንድ 2 በ2 ሜትር መደብ ብቻ 2 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል፣ ያ አፈር ደግሞ ከማሳው ሌላ ቦታ ተጠርጎ መምጣት አለበት።